ከሃያ አራት አንዱ

በታኅሣሥ ቦዶ ላይ ፀሐይ አትወጣም፤
ቶርላይፍ ግድ የለው፣ አምፖሉን አያጣም።
ከምድር ቤቱ ወርዶ፣ በሩን ገርበብ አርጎ፣
መነጽሩን ደርቦ፣ ወረንጦ ፈልጎ፣
የሟች ወንድሙን መኪና፣ የኦድቫርን፣ ይሠራል፤
ትልቁ ከቀለጠ ስድስት ዓመት ሞልቷል።
ተራራ ዞሮ የማይጨርስ የነበረው ግዙፍ
ከነተሳቢው አሁን ከአንድ ክንድ አያልፍ።

ከሳጥን ሲወጣ ፕላስቲኩ ያበራል፣
ጥርስ ያላበቀለ የሕፃን ድድ መስሏል።
ቶርላይፍ አይወደውም። “ንጹሕ መኪና” ይላል፣
“ወይ ገና አልተሸጠም፣
ወይ ሥራ ፈትቷል።”

እናም ያቆሽሸዋል።
የዛገ ሚስማር ፍቆ፣ ብናኙን በሻይ ማጥለያ ነፍቶ
(ቱሪድ ማጥለያዋን ስትፈልግ ሰንብታለች፤ ገና አልተናዘዘላትም)
በደረቀ ብሩሽ ጫፍ ያስነካዋል።
ዝገት መነሻ አለው፤ ከብሎን ይጀምራል፣
ዝናብ የሄደበትን ተከትሎ ይወርዳል።
የፍሬኑን መስመር በጊታር ክር ዘርግቶ፣
ቀዩን የአየር ቱቦ በመርፌ ጠምጥሞ፣ ሙቅ ውኃ አጠጥቶ፣
የመንገዱን ጨው በሕፃን ዱቄት ነሰነሰ፣
ፓራፋንጎ ቆረጠ ካሮጌ ብስክሌት ጎማ፤
የግራውን ጫፍ ግን አጣመመው፣ ትንሽ እያቅማማ፦
ናርቪክ ላይ አንድ ሌሊት፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣
ኦድቫር የበረዶ ክምር ገጭቶ፣
ከዚያ ወዲህ አልተቃናም።

ቱሪድ ከደረጃው ላይ፣
“ከጎማው ጀርባ ያለውን ማን ሊያየው ነው?” አለች።
“እኔ።”
ሳቀችና ወጣች።

ብዙ የቆየው ግን ጋቢናው ላይ ነው።
መሪው ላይ ኦድቫር የጠመጠመው ጥቁር ፕላስተር፣
የማርሹ ዘንግ አናት ላይ በመዳፍ ያለቀ ቁጥር፣
ከተሳፋሪው ወንበር ላይ አንድ የታጠፈ ግራጫ ብርድ ልብስ፣
ከካልሲ ተረከዝ የተቆረጠ፣ ጥፍር የማያክል።
ለምን እዚያ እንደነበረ ቶርላይፍ አላወቀም፤
ነበረ፣ አኖረው። ወንድሙ በሕይወት ሳለም አልጠየቀም።

በገና ማግስት ሲግነ፣ የኦድቫር ልጅ፣ ከትሮንድሃይም መጣች።
ኮቷን ሳታወልቅ በጉልበቷ ተንበረከከች፤
በስልኳ መብራት ውስጡን አየች። ቆየች።
“ጨዉ ልክ ነው” አለች። “ፓራፋንጎዉም ልክ።
ከብርድ ልብሱ ስርስ?”
“ወንበር ነዋ።”
“ቀዳዳ አለ። የሲጋራ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ ነዳጅ ሊቀዳ ሲወርድ
ከኮቱ ኪስ ሰረቅሁ። ሲመለስ ጋቢናው ጢሱን አምቆ ነበር፤
መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣
ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ።
በማግስቱ ይሄ ብርድ ልብስ ወንበሩ ላይ ነበር።
መኪናውን እስኪሸጠው አላነሳውም።
እኔም አላነሳሁትም።”

ቶርላይፍ አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ።
ጣሪያው ገና አልተጣበቀም፤ ገለጥ አደረገው።
በምላጭ ጫፍ ከብርድ ልብሱ ስር ሙጫውን ፈለቀቀ።
“ምን ያህል ነበር?”
“የሲጋራ ያህል ነዋ!”
“ሲጋራ ስምንት ሚሊ… ሲካፈል ለሃያ አራት…”
በጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ አሰላው፤
ከጤፍ ፍሬ አነሰ።

መርፌውን በሻማ አግሎ፣ መያዣውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣
ለሷ ሰጣት።
እጇ ተንቀጠቀጠ። ነካ አደረገችው፤
ክር የመሰለች ጢስ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ።

ቶርላይፍ ብድግ ብሎ የምድር ቤቱን መስኮት ከፈተ።
“ነገ በረዶ ሳይጥል አይቀርም” አላት።
“ኮዱም ዘንድሮ ተወዷል።”

ከዚያ ብርድ ልብሱን መለሱት፤
ጣሪያውንም ገጥመው አጣበቁት።